ደራሲው ክፍላችን ሲገቡ
በኢንተርኔት ከደራሲ ጋር መነጋገር ተማሪን እንዴት ያነቃቃል?



እኛ ጂቡቲ ከተማ ውስጥ ለስደተኛ ወጣቶች ማታ ማታ የንባብ ትምህርት የምንሰጥ ጥቂት መምህራን ነን። በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በአሊ አዴና በሆል ሆል ካምፖች ለምታስተምሩ ባልደረቦቻችን፣ ልጆቻችሁን ለምትከታተሉ ወላጆች፣ እንዲሁም ራሳችሁ ተማሪ ለሆናችሁ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ጉዳዩም አንድን ደራሲ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር አማካይነት ወደ ክፍል አስገብቶ ከተማሪዎች ጋር ማነጋገር ነው።

ነገሩን የጀመርነው ቸግሮን ነው። እንደምታውቁት በስደት ላይ ያለ ልጅ ከትምህርት የሚርቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዕድሜው ወደ 15 ሲጠጋ ወንዱ ወደብ አካባቢ ጭነት ማውረድ፣ መኪና ማጠብ ወይም ሱቅ በደረቴ መያዝ ይጀምራል፤ ሴቷ ሰው ቤት ትቀጠራለች። ወደ ኦቦክ የሚሄድ መኪና እያጠያየቀ ባሕሩን ለመሻገር የሚያስብም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ «ማንበብ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሲጠይቀን የምንሰጠው መልስ ለራሳችንም የሚያረካ አልነበረም። ወላጆችም «ፈረንሳይኛውን ይወቅልኝ እንጂ ልብ ወለድ ምን ይሠራለታል» ይሉናል፤ በዚህ አንፈርድባቸውም። የአገሩ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ነው። በካምፖቹ ያሉት ልጆች በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ትምህርት ይማራሉ። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ይናገራሉ። በመሆኑም መጽሐፍ ማለት ለእነሱ ፈተና የሚወጣበት ወረቀት ነው። ከወረቀቱ ጀርባ የሚተነፍስ፣ የሚሳሳት፣ የሚሰርዝ ሰው እንዳለ አይታያቸውም።

እኛም ያንን ሰው ልናሳያቸው ፈለግን።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ስካይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ስልክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ብዙ ደራሲዎች ከቤታቸው ሳይወጡ ከትምህርት ቤቶች ጋር መነጋገር ጀምረው ነበር። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ዛሬ ይህንኑ ሥራ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በዙም መሥራት ይቻላል። ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የካኩማው ነው። ካኩማ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ ካምፕ ሲሆን ከነዋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኩን ቲመርስ የተባሉ ቤልጂጋዊ መምህር የራሳቸውን ላፕቶፕ ወደዚያ ልከው ለካምፑ ተማሪዎች ከሩቅ ማስተማር ጀመሩ፤ ከዚያም ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ፈቃደኛ መምህራን ተቀላቀሏቸው። አንድ ላፕቶፕ ነበር የመጀመሪያው ዕቃ። ይህን የምንጠቅሰው «እኛ ምን አለንና» ለሚሉ ባልደረቦቻችን ነው።

በአገራችንም ቢሆን ድምፅ ሰውን ወደ መጽሐፍ እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። ከመካከላችን በዕድሜ የገፋን ሰዎች ሬዲዮ ያለበት ቤት ተሰብስበን እንዴት እንደምናዳምጥ እናስታውሳለን። ሬዲዮው ግን ጥያቄ አይቀበልም ነበር። «ለምን እንዲህ አደረጓት?» ብለን የተከራከርነው እርስ በርሳችን ብቻ ነው። የዛሬው ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ራሱን ደራሲውን መጠየቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራችን

የመጀመሪያው አልተሳካም፤ ጥፋቱም የራሳችን ነው።

ውጭ አገር የሚኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ (ስማቸውን ለመጥቀስ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅን አንጠቅስም) ከተማሪዎቻችን ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ሆኑ። ከደስታ ብዛት የጎረቤት ልጆችን ሁሉ ጠራን። «በ12 ሰዓት» ብለን ጽፈንላቸው ስለነበር እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተሰብስበን ጠበቅን። እሳቸው ደግሞ 12 ሰዓትን እዚያ እንደሚቆጠረው እኩለ ቀን አድርገው ወስደውታል። በዚያ ሙቀት ልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የሰዓት አቆጣጠር ጂቡቲ ውስጥም ስንቱን ቀጠሮ እንዳበላሸብን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ደራሲው ብቅ ሲሉ ግን ሰዓቱ ትንሹ ችግር ሆኖ ተገኘ። ከልጆቹ አንድም የሳቸውን ጽሑፍ ያነበበ አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለአንድ መጽሐፍ ስንት ይከፈልዎታል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «አሜሪካ እንዴት ገቡ?» ሆነ። ሦስተኛውን የጠየቀው መኪና እያጠበ የሚማር አንድ ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ቆመና «ጋሼ፣ እኔንስ ሊያወጡኝ ይችላሉ?» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ደራሲው ጥሩ ሰው ናቸውና አልዋሹትም። ማንንም ስደተኛ ወደ ሦስተኛ አገር የማሻገር ሥልጣን እንደሌላቸው፣ ይህን ያህል ብቻ ማለት በመቻላቸው እንደሚያዝኑ ነገሩት። ልጁ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ አልመጣም።

በሰው ፊት ያፈረው በእኛ ምክንያት ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ከሁሉም ልብ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። እኛ ግን እንግዳው ማን እንደሆኑና ምን ማድረግ እንደማይችሉ አስቀድመን አላስረዳነውም፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገርም አልሰጠነውም። ጽሑፉን ያላነበበ ልጅ ደራሲውን የሚያያቸው ውጭ አገር እንዳለ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እንዴት አደረግን?

ለሁለተኛው ጊዜ ሦስት ሳምንት ተዘጋጀን። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለሁሉም ማዳረስ ስለማይቻል ከስድስት ገጽ የማይበልጥ አጭር ልብ ወለድ መረጥን። ማባዛቱን ደራሲውን አስፈቀድን፤ እንዲያውም ጽሑፉን ራሳቸው ላኩልን። (ሳያስፈቅዱ ማባዛት ተገቢ አይደለም፤ ደራሲም ቢሆን የቤት ኪራይ ይከፍላል።) በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ተማሪው አዳመጠ። በሁለተኛው ተማሪዎቹ በየተራ አነበቡ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዝን።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከተማሪዎቹ ጋር ሦስት ቦታ ከፈልናቸው። አንደኛው ክምር መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው፤ «ልጁ የየት አገር ሰው ነው?» እንደሚለው። ይህን የጠየቀ ተማሪ ወደ ገጹ ተመልሶ መልሱን ራሱ ያገኛል። ሁለተኛው ማንኛውም ሰው ሊመልሰው የሚችል ነው፤ ለምሳሌ «ጥሩ ደራሲ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» ሦስተኛው ከዚህ ደራሲ በቀር በዓለም ላይ ማንም ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነው። አንዲት ተማሪ «እናቲቱ በሩ ድረስ መጥታ ሳትገባ ተመለሰች። እርስዎ ሊያስገቧት አስበው ያውቃሉ? ወይስ መጀመሪያ አስገብተዋት በኋላ ሰረዙት?» ብላ ጽፋ ነበር። ክፍሉ ይህን ሲሰማ ሌሎቹ የራሳቸውን ወረቀት መልሰው እየወሰዱ እንደገና መጻፍ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ጥያቄ ለማሳመር ሲሉ ያንን ስድስት ገጽ አራት አምስት ጊዜ ያነበቡ ነበሩ፤ በፈተና አስፈራርተን እንኳ ይህን አስደርገን አናውቅም።

እንግዲህ ተማሪውን የሚያነቃቃው ያ አንድ ሰዓት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ይመስለናል። የሚያነቃቃው ጥያቄውን ራሳቸው ደራሲው እንደሚሰሙት እያወቀ የሚያነብባቸው ሳምንታት ናቸው።

ምን ይነበብ ለሚለው፣ ለስደተኛ ልጅ የሚቀርቡ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 እዚሁ ጂቡቲ ከተማ የተወለዱት አብዱራህማን ዋበሪ በ2006 በፈረንሳይኛ ባሳተሙት አንድ ልብ ወለድ ዓለምን ገልብጠው ያሳያሉ። በዚያ መጽሐፍ ሀብታሟና ኃያሏ አፍሪካ ናት፤ ከጦርነትና ከረኃብ ሸሽተው ወደ አፍሪካ የሚሰደዱት አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ናቸው። ይህን ለተማሪዎቻችን በአማርኛ ስናጫውታቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አንዱ «ወረቀት እንጠይቃቸዋለን?» አለ። ሌላው «ራሽን ስንት ኪሎ እንስጣቸው?» አለ። ክርክሩ ሰዓቱን አልፎ ሄደ፤ ግማሾቹ እንደነሱ በሰልፍ ይቁሙ ሲሉ ግማሾቹ አይሆንም አሉ። ፈረንሳይኛ እየተማረ ለምን እንደሚማረው ላልገባው ልጅ በሰፈሩ ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ጥሩ ምክንያት ነው።

እንግሊዝኛ ለሚማሩት ደግሞ አዲስ አበባ ተወልደው በሁለት ዓመታቸው ከአገር የወጡት ዲናው መንግሥቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስላለው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይተርካል። ባለ ሱቁ ከኬንያና ከኮንጎ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የአፍሪካን አምባገነኖችና መፈንቅለ መንግሥታት ስም እየጠራ ይጫወታል። በሕፃንነታቸው ከአብዮቱ ዘመን ሸሽተው ናይጄሪያና ኬንያ የኖሩት መዓዛ መንግሥቴም በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ስለተዋጉ ሴቶች ጽፈዋል፤ መጽሐፉ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ክፍላችን ይመጣሉ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የሰጧቸው ቃለ ምልልሶች ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። አንዱን አስቀድሞ አውርዶ ጠያቂው ጥያቄውን ሲጨርስ ማቆም፣ ተማሪዎቹ መልሱን እንዲገምቱ ማድረግ፣ ከዚያ ማስቀጠል ይቻላል። ደራሲ ላላገኘ ክፍል ይህ ጥሩ ልምምድ ነው። በየካምፑም ግጥምና ትረካ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የአሊ አዴን ጸሐፊ ከሆል ሆል ክፍል ጋር ማገናኘት ከአንድ የስልክ ጥሪ የበለጠ አይጠይቅም።

በዕለቱ ልብ የሚባሉ ነገሮች

ስለ ዕቃው ብዙ አንልም። አንድ ደህና ስልክ ይበቃል። ድምፅ ማጉያ ከሌለ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ውስጥ ማቆም ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ጂቡቲ ላይ የሚያስቸግረው የአየር ማራገቢያው ነው፤ ስልኩ የሰውን ድምፅ ትቶ የሱን ጩኸት ይወስዳል፤ ማጥፋት ደግሞ በዚህ ሙቀት ልጆቹን መቅጣት ነው። እኛ ተማሪው ሲጠይቅ እናጠፋለን፤ ደራሲው ሲመልሱ እናበራለን፤ ለዚህም አንድ ልጅ ማብሪያው አጠገብ እናስቀምጣለን። ቀጠሮ ስትይዙ «በጂቡቲ ሰዓት 18፡00» ብላችሁ ጻፉ። ያ ሰዓት ዋሽንግተን ውስጥ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ከአንድ ቀን በፊትም በአጭሩ ደውሎ መሞከር ይገባል።

በባሕር ሥር የተዘረጉ በርካታ የኢንተርኔት መስመሮች ጂቡቲ ላይ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ ይህ ግን የስልክ ካርዱን አላረከሰልንም። ሂሳቡ ካልበቃ ወይም መስመሩ ከተቆራረጠ ምስሉን ተዉትና በጽሑፍ ተነጋገሩ። አንድ ተማሪ ይጽፋል፤ ሌሎቹ ያነብባሉ። እኛ ይህን የሞከርነው ተገደን ነበር፤ አሁን ግን አንዳንድ ጊዜ መርጠን እናደርገዋለን። በሰው ፊት አፏን ከፍታ የማታውቅ አንዲት ተማሪ በጽሑፉ ጊዜ ሦስት ጥያቄ አከታትላ ላከች። የተጻፈው መልስም አይጠፋም፤ በማግሥቱ እንደ አንድ የንባብ ትምህርት ሆኖ ያገለግላል።

አሁን የምንናገረውን ግን ሁላችሁም በጥንቃቄ እንድታነብቡት እንለምናለን። ስደተኛ ልጅ በኢንተርኔት ላይ ስሙን ከነአባቱ፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ የካምፑን ቤት ቁጥር ወይም የጉዳዩን ቁጥር መናገር የለበትም። ተማሪዎቻችን የሚጠሩት በመጀመሪያ ስማቸው ወይም ራሳቸው በመረጡት ስም ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትና ንግግሩን መቅዳት የሚፈቀደው ተማሪውም ወላጁም ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ሳይጠየቅ ዝም ያለ ሰው ተስማማ አይባልም። አንዳንድ እንግዳ በቅንነት «እስኪ እንዴት እንደተሰደድክ ንገረኝ» ይላል። ልጁ መናገር ካልፈለገ መምህሩ ጣልቃ ገብቶ ወደ መጽሐፉ ይመልሰው። ከቤተሰቡ ውስጥ አገር ቤት የቀረ ይኖራል፤ የተነገረ ነገር ማን ዘንድ እንደሚደርስ አይታወቅም። ደራሲውም ገንዘብ፣ ቪዛ ወይም የትምህርት ዕድል ቃል እንዳይገቡ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራቸው። ተማሪዎቹም እንግዳው የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኛ እንዳልሆኑ፣ ስለ ጉዳያቸው የሚጠይቁት ቢሮ ሄደው እንደሆነ ይወቁ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ብንናገር ኖሮ ያ ልጅ ባላፈረ ነበር።

ያ ልጅ

ሁለተኛው ውይይት ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከተማሪዎቻችን አንዱ የተባዛውን ወረቀት መኪና ወደሚያጥብበት ቦታ ወሰደለት። አንብቦት ኖሯል። አንድ ምሽት መጥቶ በር ላይ ቆመና «መግባት ይቻላል?» አለ። ስላለፈው ነገር እኛም አላነሣንበትም፤ እሱም አላነሣም። ከክፍል በኋላ ግን ደራሲው ገና መልእክት ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቀን። በድምፅ እንዲልክ ስልኩን ሰጠነው፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ብቻውን ተናገረ።

የጠየቃቸው ስለ ታሪኩ አጀማመር ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው በዝናብ ነው፤ እሱ ዝናብ በዓመት ስንት ቀን በሚጥልበት አገር ስላደገ ከሌላ ነገር መጀመር ይቻል እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። መልሱ የመጣው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ደራሲው መጀመሪያ የጻፉት በአቧራ እንደነበር፣ ሦስት ጊዜ ሰርዘው ዝናብ እንዳደረጉት፣ ዛሬ ቢሆን ግን አቧራውን እንደሚተዉት ነገሩት። የተሰረዘውንም ገጽ ፎቶግራፍ አንሥተው ላኩለት።

ገጹን ስልኩ ላይ እያሰፋ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ የሚጽፈው አንድ ነገር አለ፤ በአቧራ ይጀምራል። ሲጨርስ እንዲልክላቸው ደራሲው ነግረውታል። መቼ እንደሚጨርስ አናውቅም፤ ቀን ቀን አሁንም መኪና ያጥባል።